ለኮምቦልቻው ሹፌር፦ ስለ ናፍጣው፣ ስለ ምሕረቱና ስለ ረዳትህ

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አባቴ ይባርኩኝ። 36 ዓመቴ ነው። ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ተሳቢ እነዳለሁ። ለስድስት ዓመት ከመኪናው ናፍጣ እያስቀዳሁ ሸጫለሁ። የሚቀዳው ረዳቴ ነው፤ ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ። ባለንብረቱ ደሴ የሚኖሩ ሐጂ ናቸው። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ፤ ለፋሲካ የበግ መግዣ ይሰጡኛል። አምና እናቴ ስታርፍ ደነገጥኩና ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ። መቅዳቱንም ተውኩ። ከዚያ ዕብራውያን 10፥26ን አነበብኩ። ወደን ኃጢአት ብናደርግ ከእንግዲህ ወዲህ ስለ ኃጢአት መሥዋዕት አይቀርልንም ይላል። እኔ ደግሞ ወድጄና አውቄ ነው የሠራሁት። እንቅልፍ አጣሁ። የንስሐ አባታችን የቤተሰብ ወዳጅ ስለሆኑ ልነግራቸው አፈርኩ። ረዳቴ 19 ዓመቱ ነው። ክርስትና ተነስቷል፣ ግን ቤተ ክርስቲያን አይደርስም። ስለ እግዚአብሔር ላወራው ስጀምር ‹ጋሼ፣ መዝሙር ከፍተህ ናፍጣ ስታስቀዳኝ የነበርከው አንተ አይደለህም እንዴ?› አለኝ። መልስ አጣሁ። እግዚአብሔር ይምረኛል? ለልጁስ በምን አፌ ልናገር?»

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። የእናትህን ነፍስ ይማር።

እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ቄስ ነኝ። የንስሐ ልጆች መቀበል ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ጥያቄህን ካነበብኩ ወዲህ ሌሊት የሐረጎን ዳገት ጨርሰው ወደ ከተማ የሚገቡ ከባድ መኪኖች ሲያቃስቱ በሰማሁ ቁጥር አንተን አስባለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ከሌላ ሰው ኑዛዜ ምሳሌ አላመጣልህም። ካህን በኑዛዜ የሰማውን ስም ቀይሮም ቢሆን አያወራም። ምሳሌ ሲያስፈልገኝ ከመጽሐፍና ከራሴ ሕይወት ነው የምወስደው። ይህን የምልህ አንተም ለመናዘዝ ስለምትፈራ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ አዎ፣ ይምርሃል። ለልጁም መናገር ትችላለህ። ግን መጀመሪያ የምትናገረው አሁን ያሰብከውን አይደለም። አጭሩ መልስ ብቻውን እንቅልፍ እንደማይሰጥህ ስለማውቅ ረጅሙን ልጻፍልህ።

ከዕብራውያን እንነሳ። ያ ጥቅስ ብዙ ሰው አስጨንቋል። ብቻውን ነቅለህ ስታነበው ያስጨንቃል። ከፍ ብለህ ቁጥር 25ን እይ። መሰብሰባቸውን ስለተዉ ሰዎች ይናገራል። ዝቅ ብለህ ቁጥር 29ን እይ። የእግዚአብሔርን ልጅ ስለረገጠ፣ የተቀደሰበትን ደም እንደ ርኩስ ነገር ስለቆጠረ ሰው ይናገራል። መልእክቱ የተጻፈው መከራ በዝቶባቸው ክርስቶስን ትተው ወደ ኋላ ለመመለስ ለሚያመነቱ ክርስቲያኖች ነው። «ከእሱ ሸሽታችሁ የምትሄዱበት ሌላ መሥዋዕት የለም» ነው የሚላቸው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ይህን ክፍል ሲያብራራ ሐዋርያው ንስሐን እንዳልከለከለ በግልጽ ይናገራል። የተከለከለው ሁለተኛ ጥምቀት፣ ሁለተኛ መስቀል ነው። ክርስቶስ አንድ ጊዜ ሞቷል፤ አይደገምም። አንተ ደግሞ እየሸሸህ አይደለም። የሚሸሽ ሰው «ይምረኛል?» ብሎ አይጠይቅም።

«አውቄ ነው የሠራሁት» ብለሃል። እሺ። ዳዊትስ ሳያውቅ ነው? ወታደሩን ኦርዮን ያስገደለበትን ደብዳቤ በራሱ በኦርዮ እጅ ነው የላከው። ሰውየው የሞቱን ትእዛዝ ራሱ ተሸክሞ ሄደ። ከዚህ በላይ ማወቅ የለም። ነቢዩ ናታን መጥቶ ሲገሥጸው ግን ዳዊት «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ። ናታንም እዚያው በዚያው «እግዚአብሔር ደግሞ ኃጢአትህን አርቆልሃል፤ አትሞትም» አለው። በሁለቱ ንግግሮች መካከል ቀጠሮ የለም። የሙከራ ጊዜ የለም። በየቅዳሴውና በየጸሎቱ የምትሰማው «ተሣሃለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ» የዚያ ሰው ጸሎት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት የመረጠችልን አውቆ ያጠፋ ሰው ያለቀሰውን ልቅሶ ነው።

የበላዔ ሰብእን ታሪክ ከልጅነትህ ጀምሮ ሰምተኸዋል። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ሲሆን ይነበባል። 78 ሰው የበላ ሰው ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ያችም ጥርኝ ውኃ ከክፋቱ ሁሉ መዘነች። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ግን አንዳንድ ሰው ሲጠቀምበት ያስከፋኛል። «ጥርኝ ውኃ ከበቃ ምን አስጨነቀኝ» ብሎ ስርቆቱን ይቀጥላል። ታሪኩ የተጻፈው ተስፋ ለቆረጠ ሰው ነው። ገና ለማጥፋት ላሰበ ሰው ዋስትና እንዲሆን አልተጻፈም። አንተ ተስፋ ከቆረጡት ወገን ስለሆንክ ያንተ ነው። ውሰደው።

አሁን ወደ ኑዛዜው። ንስሐ የሚለው ቃል ከግዕዙ «ነስሐ» የመጣ ነው፤ ተጸጸተ፣ ተመለሰ ማለት ነው። ነቢያቱ በዕብራይስጥ «ተመለሱ» ሲሉ «ሹብ» የሚል ቃል ነው የሚጠቀሙት። መንገደኛ ዞሮ ሲመለስ የሚባለው ያው ቃል ነው። ይህን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ተሳቢ ይዘህ መታጠፊያ ብትስት መሐል መንገድ ላይ አትዞርም። ሰፊ ቦታ ትፈልጋለህ። ረዳትህ ይወርድና ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ በቃ!» ይልሃል። ከጋቢና ሆነህ የማታየውን እሱ ያይልሃል። ኑዛዜም እንዲሁ ነው። እግዚአብሔር አንተ ካልነገርከው የማያውቅ ሆኖ አይደለም። አንተ ከኋላህ ያለውን ስለማታይ ነው።

የንስሐ አባታችሁን አፈርኳቸው ብለሃል። ይገባኛል። በበዓል ቀን ቤት መጥተው ጠበል ረጭተው፣ እናትህ ያቀረበችላቸውን ቀምሰው የሚሄዱ ሰው ናቸው። «ይህን ካወቁ በኋላ በምን ዓይን ያዩኛል?» ትላለህ። እኔ በዚያ ወንበር ስለተቀመጥኩ ልመልስልህ። ሰው ኃጢአቱን ነግሮኝ ሲሄድ የሚቀርልኝ ኃጢአቱ አይደለም። መምጣቱ ነው። ለወራት ሲያመነታ ቆይቶ ለመጣ ሰው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አባትህም የሰው ገመና ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። ናፍጣ አዲስ አይሆንባቸውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የሀገራችን ሰው። እፍረቱ በእርግጥ አላናግር ካለህ ደግሞ «አባቴ፣ አንድ የከበደኝ ነገር አለ፤ ሌላ አባት ጋር ልናዘዘው ይፍቀዱልኝ» በላቸው። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ በእፍረት ሰበብ ሌላ ዓመት መቆየት ነው።

ስትናዘዝ አታድበስብስ። «ብዙ በደል አለብኝ» ብሎ መሄድ ቀላል ነው። እንዲህ በል፦ «ስድስት ዓመት የአሠሪዬን ናፍጣ ሰርቄ ሸጫለሁ። አንድ ልጅም ስርቆት አስተምሬአለሁ።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ እመለስበታለሁ። አባትህ ቀኖና ይሰጡሃል። ጾም ሊሆን ይችላል፣ ስግደት ሊሆን ይችላል። ያ የኃጢአትህ ዋጋ አይደለም። ዋጋው በመስቀል ተከፍሏል። ቀኖናው መድኃኒት ነው፤ ሰባራ እጅ ቀጥ ብሎ እንዲጠገን እንደሚታሰርበት እንጨት። ከዚያ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉሃል። ያን ጊዜ ተፈትተሃል ማለት ነው። ሌሊት ተነስተህ ያንኑ ኃጢአት ደግመህ ደግመህ አትቁጠር። የተቀደደ ደረሰኝ ለቅሞ ማጣበቅ ነው።

ግን እዚህ ላይ ጠንቀቅ በል። ይሁዳንና ጴጥሮስን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ከዱ። ሁለቱም ተጸጸቱ። ይሁዳ እንዲያውም ሠላሳውን ብር ወስዶ ለካህናቱ መለሰ፤ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ብሎም ተናገረ። ገንዘቡ ተመልሷል፣ በደሉም ተነግሯል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ጌታው አልተመለሰም። ብቻውን ሄዶ ሞተ። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አለቀሰና ከወንድሞቹ ጋር ቆየ። ጌታ በባሕር ዳር ፍም አንድዶ ሲጠብቅ ራሱን ከጀልባ ወርውሮ እየዋኘ ሄደ። ይህን የማነሳልህ ስለ ገንዘብ መመለስ ልነግርህ ስለሆነ ነው። ገንዘቡን የምትመልሰው ይቅርታ ለመግዛት አይደለም። ተቀብለህ ነው የምትመልሰው።

ዘኬዎስን እይ። ኢያሪኮ ውስጥ የቀራጮች አለቃ ነበር። ሀብታም ነበር፤ ሀብቱ ከየት እንደመጣ ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሾላ ላይ ወጥቶ ሳለ ጌታ «ፈጥነህ ውረድ፤ ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና» አለው። በዚያ ሰዓት ዘኬዎስ አንዲት ሳንቲም አልመለሰም። ሰው አጉረመረመ። ጌታ ግን ገባ። ዘኬዎስ ተነስቶ «ካለኝ ሁሉ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ፤ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ምሕረቱ ቀድሞ ቤት ገባ፤ ገንዘቡ ተከትሎ ወጣ። ይህን ቅደም ተከተል ካልያዝክ ወይ በፍርሃት ትቀራለህ፣ ወይ ንስሐህ ባዶ ወሬ ይሆናል።

ስለዚህ መመለስ አለብህ። እዚህ ላይ አላባብልህም። መቅዳቱን መተው ጥሩ ነው፤ አልበቃም። የሐጂ ገንዘብ አሁንም አንተ ጋ ነው።

አንድ ምሽት ቁጭ በል። ደብተር ያዝ። በወር ስንት ምልልስ ነበር? በአንድ ምልልስ ስንት ሊትር ወጣ? የት ነበር የሚሸጠው? ሒሳቡን በሸጥክበት ዋጋ አትሥራው። የተሰረቀ ናፍጣ በርካሽ እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። ሐጂ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) መልሰው ለማስሞላት ባወጡት ዋጋ ሥራው። የጎዳሃቸው በዚያ ልክ ነው። በትክክል ካላስታወስክ ወደ ላይ ገምት እንጂ ወደ ታች አትገምት። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ላይ የባልንጀራውን ገንዘብ የወሰደ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ይላል። 100 ሺህ ብር ከሆነ 120 ሺህ ይሆናል። ያቺን አምስተኛ እጅ ለምን እንደተጨመረች ብዙ አስቤበታለሁ። የባከነ ጊዜ፣ የተጎዳ መተማመን የሚባል ነገር አለ። ልኩ ባይታወቅም ባዶ እንዳልሆነ ታሳያለች።

«ዝም ብዬ ባንክ ሒሳባቸው ውስጥ ባስገባስ?» ትል ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ይህ ይፈቀዳል። መናገሩ ሌላ ያልበደለ ሰው የሚያፈርስ ከሆነ አባቶች በስውር እንዲመለስ ያዛሉ። ባለገንዘቡ ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ፣ ወራሽ ካልተገኘ ለድሆች ይሰጣል። ያንተ ጉዳይ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ሐጂ በሕይወት አሉ፤ አድራሻቸውን ታውቃለህ፤ እንደ ልጃቸው ያዩሃል። የሰረቅከው ናፍጣውን ብቻ አይደለም። ያንን አመኔታም ነው። አመኔታ ደግሞ በባንክ አይላክም። የመጨረሻውን ውሳኔ ከንስሐ አባትህ ጋር አድርግ። እኔ ብጠየቅ ግን በአካል ሂድ እላለሁ።

አካሄዱን እንደ ሀገራችን ወግ አድርገው። ሐጂ የሚያከብሯቸውን አንድ ሽማግሌ አስቀድመህ አናግር። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ስትገባ ረጅም መግቢያ አታብዛ። ደብተሩን አውጣ። «ሐጂ፣ ይህን ያህል ናፍጣ ሰርቄብዎታለሁ። ንስሐ ገብቻለሁ። በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ። አፉ ይበሉኝ» በል። የረዳትህን ስም አታንሳ። ኑዛዜ የራስ ብቻ ነው። «ማን ቀዳው?» ብለው ከጠየቁ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» በል፤ እውነቱም ይኸው ነው። ሊቆጡ ይችላሉ። ከሥራ ሊያሰናብቱህ፣ በሕግም ሊጠይቁህ ይችላሉ። መብታቸው ነው። ይቅርታ መጠየቅ ማለት መልሱን ለሌላው ሰው መተው ነው።

ለሐጂ ስለ ክርስቶስ ልስበክ ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም። ግን ባለው ሁኔታ ሐሳቡ መምጣቱ አይቀርም፤ አዲስ የተመለሰ ሰው እሳት ነው። በዚያ ቀን አትስበክ። ዕዳ ልትከፍል ነው የሄድከው። ዕዳውን መስበኪያ ካደረግከው ገንዘቡን ለሁለተኛ ጊዜ ለራስህ ተጠቀምክበት። «ምን ሆነህ ነው?» ብለው ከጠየቁህ እውነቱን በአጭሩ ንገራቸው። ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ በእናንተ ስላለ ተስፋ ለሚጠይቋችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል። «ለሚጠይቋችሁ» የምትለዋን ልብ በል። ከዚያም «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ይላል። ሐጂ ደግሞ ተውበት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የንስሐን ነገር ለማስረዳት ብዙ አትቸገርም።

እኛ ወሎዬዎች በዚህ ጉዳይ ከሌላው ይልቅ ጠንቃቃ መሆን ያለብን ይመስለኛል። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ሩቅ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ብዙ ሰው ግን ተሰደደ። ብዙው ቀን ክርስቲያን መስሎ ሌሊት በቤቱ ይሰግድ ነበር። እምነት በትእዛዝ ሲሰጥ እንዲህ ይሆናል። እኔ የመድኃኔ ዓለምን ስም እየጠራሁ የማገለግል ካህን ነኝ፤ ወንጌል ለሰው ሁሉ እንደተላከም አምናለሁ። ግን ጌታ በር የሚያንኳኳ እንጂ በር የሚሰብር አይደለም። በዚህ ከተማ አንዱ ለሌላው ሠርግም ለቅሶም ሲደርስ የኖረ ሕዝብ አለ። በዚህ ሕዝብ መካከል ክርስቶስን የሚያስከብረው የተመለሰ ገንዘብና የታመነ ቃል ነው። የሚቀረውን መንፈስ ቅዱስ ያውቃል።

አሁን ልጁ።

ከጥያቄህ ሁሉ ያልለቀቀኝ እሱ ነው። መዝሙር ተከፍቷል። ምናልባት መስታወቱ ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፏል። ሌሊት ነው፤ ሙቀት ነው። አንድ ልጅ ከመኪናው ሥር ተንበርክኮ ቱቦውን በአፉ ስቦ ናፍጣ ወደ ጀሪካን ያወርዳል። የናፍጣው ጣዕም ምላሱ ላይ አለ። ከላይ ከጋቢናው የእግዚአብሔር ስም ይሰማል። ይህ ልጅ ስለ እግዚአብሔር የተማረው እዚያ ነው። የተማረውም ከአንተ ነው። «ጋሼ፣ አንተ አይደለህም እንዴ?» ሲልህ ሲያሾፍብህ እንዳይመስልህ። ትምህርቱን ነው የደገመልህ።

ስለዚህ «በምን አፌ ልናገር?» ላልከው መልሴ ይህ ነው፤ ይቅርታ በጠየቅክበት አፍ። ለልጁ የምትነግረው የመጀመሪያ ስብከት «በድዬሃለሁ» የሚል ነው። ስለ ገነት፣ ስለ ሲኦል፣ ስለ ጾም አታንሳበት። «አንተን ሌብነት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። አባትና እናትህ አምነው ለሥራ ሲልኩህ እኔ አበላሸሁህ። ይቅር በለኝ» በለው። ታናሽህ ነው፤ ረዳትህ ነው። ሹፌር ረዳቱን ይቅርታ ሲጠይቅ በዚያ መስመር ስንቴ ታይቷል? አላውቅም። እሱ ግን አይረሳውም።

ሌላም ልጨምር። መቅዳቱን ስትተው የልጁም ገቢ ተቋረጠ። አስበኸዋል? ከጀሪካኑ የሚደርሰው ነገር ነበር። ምናልባት ለቤተሰቡ የሚልከው ከዚያ ነው። አንተ በንስሐህ ሰላም ስትፈልግ እሱ ያየው «ጋሼ ጻድቅ ሆነና እኔ ደኸየሁ» የሚል ነገር ነው። ሐዋርያው በኤፌሶን መልእክቱ የሰረቀ ከእንግዲህ አይስረቅ ይልና እዚያ አያቆምም፤ ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው በገዛ እጁ ይሥራ ይላል። ከአበልህ ቀንሰህ አካፍለው። ወሬ አታድርገው፤ ዝም ብለህ ስጠው። ማዲያ ስትገቡ ደግሞ የሞላችሁትን ሊትር እሱ ይመዝግበው። ደረሰኙን እሱ ይያዘው። ያበላሸኸውን እጅ አመኔታ እየሰጠህ መልሰው።

ከራሴ ልንገርህ ብዬ ነበር። ወጣት ዲያቆን ሳለሁ በአባታችን ቤት ውርስ ምክንያት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተኳረፍን። ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። በዚያው ዘመን ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አንድ እሑድ የማቴዎስ 18ን ምሳሌ አስተማርኩ። እልፍ መክሊት ተምሮለት ሳለ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን ያነቀውን ባሪያ ማለቴ ነው። ጥሩ አስተማርኩ፤ ሰው አለቀሰ። እናቴ ከኋላ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። ማታ ቡና አፍልታ ሁለተኛውን ስትቀዳልኝ «ልጄ፣ የዛሬውን ትምህርት ወንድምህ ቢሰማው ምን ይል ነበር?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ስኒውን መጨረስ አቃተኝ።

በማግስቱ ወንድሜ ወዳለበት ወደ ሐይቅ ሄድኩ። ሙሉ መንገዱን ንግግር ሳዘጋጅ ነበር። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋ። «በድዬሃለሁ» ብቻ አልኩ። እሱም «ግባ፣ ምሳ ደርሷል» አለኝ። ወንድሜ ስብከቴን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ መምጣት ጀመረ። ያመጣው የተማርኩት ቅኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ካለፈው ሕይወትህ የተነሳ ለመናገር ብቁ አይደለሁም አትበል። ሙሴ ጸሊም ወንበዴ ነበር። በግብጽ በረሃ ገዳም ገብቶ የብዙዎች አባት ሆነ። አንድ ወንድም አጥፍቶ ሊፈርዱበት ሲጠሩት ቀዳዳ ዕቃ ተሸክሞ፣ ከኋላው እየፈሰሰ መጣ። «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉት «ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ አላየውም፤ እኔ ዛሬ በሌላው ልፈርድ መጣሁ» አላቸው። ያለፈውን አልደበቀም። ከዚያ የተነሳም ሰው ሰማው።

ጌታም በጌራሴኖን አገር ያን አጋንንት ያደሩበትን ሰው ከፈወሰው በኋላ ሰውየው «ልከተልህ» ሲለው አልፈቀደለትም። «ወደ ቤትህ ሄደህ ጌታ ምን ያህል ታላቅ ነገር እንዳደረገልህና እንዴት እንደማረህ ንገራቸው» አለው። ተምሮ እስኪጨርስ አላቆየውም። እንዴት እንደማረው ግን እሱ ራሱ ያውቃል። አንተም ከዚህ በላይ አትሂድ። የማታውቀውን ትምህርት ለልጁ አታስተምር። ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር አታከራክረው። የደረሰብህን ብቻ ንገረው።

ይህም ቢሆን ጊዜ አለው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የእኛው ሀገር ሰው፣ የሕንደኬ ጃንደረባ፣ በሰረገላ ሲሄድ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት። ስብከት አልጀመረም። «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው «የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል?» አለና ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስ ተለምኖ ነው አጠገቡ የተቀመጠው። አንተ ከዚህ ልጅ ጋር በአንድ ጋቢና ውስጥ ነህ። ከጋላፊ እስከ ሚሌ፣ ከሚሌ እስከ ባቲ ስንት ሰዓት አብራችሁ ትቀመጣላችሁ! እኔ ለንስሐ ልጆቼ እንዲህ ያለ ጊዜ የለኝም። ስለዚህ አትቸኩል። መዝሙሩንም ለጥቂት ጊዜ ዝጋው፤ በጆሮው ከናፍጣው ጋር ተቆራኝቷል። አንድ ቀን ራሱ «ጋሼ፣ ያን መዝሙር ክፈተው» ይልሃል። ወይም «ለምንድን ነው ለሐጂ የከፈልከው?» ይልሃል። ያን ጊዜ ንገረው። «ና እና ከእኔ ጋር ኪዳን አድርስ» ማለትም ያን ጊዜ ይቀላል። ባይጠይቅህስ? አካፍለው፣ አክብረው፣ ጸልይለት። ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን የዕዳህ መክፈያ አታድርገው። ልጁ የራሱ ጊዜ አለው።

ቅደም ተከተሉን ካልክ፣ ንስሐ አባትህ መጀመሪያ። ከዚያ ልጁ። ከዚያ ሐጂ። ልጁን ከሐጂ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ነገሩ ሲወጣ ከሌላ ሰው ሰምቶ እንዳይደነግጥ፣ «ስምህን አላነሳም» የሚለውን ካንተ አፍ ይስማው።

በሚቀጥለው ጉዞ ከወጣህ አንድ ነገር ጠይቀው። የክርስትና ስሙን። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጠራው ሰው ከሌለ ላያውቀው ይችላል። ካላወቀው እናቱ ጋ ደውሎ ይጠይቃት። ያንተን፣ የእናትህን፣ የእሱንም ላክልኝ። በቅዳሴ አስባችኋለሁ።